የሊንቫል ዝናብ

በምሥራቅ ለንደን ስለ ጀንግል ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ቢጠፋ እንኳ እኔ ግሌንሮይ አለሁ። ለንደን ብቻ ለምን እላለሁ፤ እስከ ብሪስቶል ድረስ ከበሮ ሲፈጥን የሰማ ጆሮ ሁሉ ጄኔራል ግሌን ሲባል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌይተን ያለው የሸክላ ሱቄ በአውሮፓ ትልቁ ነው። እርግጥ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ መጠበቅ አለበት፤ ትልቅነት ግን በካሬ ሜትር አይለካም። በቀኝ በኩል ዓርብ ዓርብ የሚገቡት ጀንግል የወለደው የድራም ኤንድ ቤዝ አዳዲስ ሸክላዎች፣ በግራ በኩል የዘጠናዎቹ ምርጦች ተደርድረዋል። ወጣቶቹ ወደ ቀኝ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወደ ግራ ይሄዳሉ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ለሁለቱም እዋሻለሁ፤ ማለቴ፣ አስረዳለሁ።

ሻርሊን የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሠላሳውን የተሻገረች፣ ረጅም፣ የሆስፒታል ልብሷን እንኳ ያላወለቀች ሴት። በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ታቅፋለች።

«አንክል ግሌን ማለት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ግሌን ካየሽ አስመሳይ ነው» አልኳት።

«የሊንቫል ልጅ ነኝ። እናቴ ከማረፏ በፊት ወደ እርስዎ እንድመጣ ነግራኝ ነበር። ‹ሰውዬው ወሬኛ ነው፤ ሸክላ ግን ያውቃል› ብላ።»

ወሬኛ የሚለውን እንዳልሰማሁ አለፍኩት። ሊንቫል ስትል ግን በእጄ የያዝኩትን ሸክላ አስቀመጥኩ። ሊንቫልን የማያውቅ ጀንግል አያውቅም። በዘጠና አራት በጋ አንድ ዜማ ሠራ፤ በዝናብ ድምፅ ይጀምራል፣ ዝናቡ ሲያካፋ ሲያካፋ ቆይቶ ድንገት ከበሮው ጣራ እንደሚሰብር በረዶ ይወርዳል። በጥቂት ጭፈራ ቤቶች አጫወተው። ርዕስ አልነበረውም፤ እኛ «ዝናቡ» አልነው። መኸር ሲገባ ሊንቫል በሞተር ሳይክል ቀለበት መንገዱ ላይ ተንሸራቶ ሞተ። ዜማው ሳይታተም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ «እኔ ሰምቼዋለሁ» ብለው የሚምሉበት ነገር ሆነ።

ሻርሊን የትራስ ልብሱን ገለጥ አደረገችው። ጽሑፍ የሌለበት፣ ጥቁር፣ ከባድ ሸክላ። ደብፕሌት ነው። ደብፕሌት እንደ ሌላው ሸክላ አይደለም፤ ዜማው ገበያ ሳይወጣ ለዲጄው ተብሎ አንድ ብቻ የሚቀረጽ፣ ብረት ላይ በተቀባ ለስላሳ ቀለም የተጫረ ነገር ነው። መርፌ ባለፈበት ቁጥር እየላጠው ይሄዳል። ቅቤ ላይ ጽፎ ጣትን እየጎተቱ እንደ ማንበብ ነው።

«እናቴ፣ አባትሽ መጀመሪያው ላይ ይናገራል አለችኝ» አለች። «ዝናቡ መሃል። ስሜን ይጠራል። ያኔ ገና ጥርስ አላበቀልኩም ነበር።»

«ሰምተሽው አታውቂም?»

«አንድም ቀን። ‹መርፌ ከነካው ያልቃል› እያለች አልጋዋ ሥር ደበቀችው። ፎቶው አለን፤ ኮፍያው አለን፤ ድምፁ ግን ሌላ የትም የለም። ስለዚህ በሚያውቅ ሰው ማሽን አንዴ በደንብ ይቀዳ፤ ከዚያ ሸክላ ሆኖ ይውጣና ዓለም ይስማው። መጀመሪያ ግን እኔ።»

«መጀመሪያ አንቺ!» አልኩ፣ ደረቴን እየመታሁ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ውስጥ ከጥፋት የተረፈ ደብፕሌት ሁሉ በኔ እጅ ነው የተረፈው። ንጉሡ ራሱ ሸክላ ቢኖረው ለኔ ነበር የሚሰጠው።»

እዚያው ስልክ አንስቼ ሃርጂት ለሚባል የድምፅ ባለሙያ ደወልኩ። ያረጀ ነገር በመቅዳት እንደሱ ያለ የለም፤ ይህን ሳላጋንን ነው የምናገረው። ማክሰኞ ጠዋት ኑ አለን። ሻርሊን እስከዚያው ፈረቃ ነበረባት፤ ሸክላውን በአውቶቡስ ይዛ መመላለስም ፈራች።

«እዚህ ይቆይ» አልኳት። «የእንግሊዝ ባንክ እንኳ የሌለው የብረት ሣጥን አለኝ።»

የብረት ሣጥን ያልኩት የማይሠራ ፍሪጅ ነው። ግን ይቆለፋል።

በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። «አንክል ግሌን፣ እባክዎ በመርፌ እንዳይነካ።»

«በመርፌ? በዓይኔም አልነካውም!»

ቅዳሜ ባሪንግተን መጣ። ባሪንግተን ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ድሮ አብረን ሸክላ እናጫውት ነበር፤ አሁን በዶሚኖ ክለባችን ውስጥ እኔን ማዋረድ እንደ ሥራ ይዞታል። ገና እግሩ ሳይገባ ጀመረ፦

«ኧረ ጄኔራል! ዛሬ ደግሞ ማንን ከሞት አስነሣህ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፌ ግን የምር ያመለጠኝ ያን ቅዳሜ ነው።

«‹ዝናቡ› እጄ ገብቷል» አልኩት።

መደርደሪያ ይዞ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅበት አየር ወስዶ እንደገና ሳቀ። «አንተ ሰው! ጀንግልን መጀመሪያ በሕልሜ ያየሁት እኔ ነኝ አልክ፤ ዝም አልን። ድምፅ ማጉያውን ከብሪክስተን እስከ ሌይተን በጀርባዬ ተሸክሜ መጣሁ አልክ። ወንዙንስ? ስንልህ ዋኘሁት አልክ፤ ዝም አልን። አሁን ደግሞ የሙት ሸክላ?»

«እውነቴን ነው!»

«እሱን ነው የምፈራው፤ አንተ እውነቴን ነው ስትል።»

«ፍሪጁ ውስጥ ነው ያለው።»

«ከዓሣው ጋር?» ዓይኑን ጠረገ። «ስማ፣ ነገ ክለብ ይዘኸው ና። ካልመጣህ ማዕረግህን እንገፍሃለን። ከነገ ጀምሮ አሥር አለቃ ግሌን ነህ።»

ስዋሽ ቢያንስ ሰው ያዳምጠኛል። እውነት ብናገር ተሳቀብኝ። አንጀቴን ያሳረረኝ ይኸ ነው፤ ምክንያት ብዬ የማቀርበውም ከዚህ ሌላ የለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክለቡ ይሞላል። ሩዝና ባቄላው፣ የፍየል ወጡ ይበላል፤ ዶሚኖው ጠረጴዛ ላይ ይጮኻል፤ ከዚያ ወንበሩ ወደ ግድግዳ ይገፋና የኛ ጭፈራ ይጀመራል። ድሮ ሌሊቱን ነበር፤ አሁን ሁላችንም ለራት ቤት መግባት ስላለብን በጠራራ ፀሐይ ነው። ባርኔጣዋን ያላወለቀች ዲያቆናዊት ከበሮው ሲፈጥን ትከሻዋን ስትሰብቅ ያላየ ሰው ጀንግል አየሁ አይበል።

ሸክላውን ለማሳየት ብቻ ነው የወሰድኩት። በትንሣኤው እምላለሁ፣ ለማሳየት ብቻ።

«ይኸው» አልኩና ከፍ አደረግኩት።

ባሪንግተን አንገቱን አዘነበለ። «ስም የለውም።»

«ደብፕሌት ስም የለውም!»

«ባዶ ሰሃንም ስም የለውም። መዝሙር ቢሆንስ?»

ሁሉም ሳቁ። ክለቡን የሚያስተዳድሩት ሚስ ሃያሲንት ስልካቸውን አውጥተው እየቀረጹ፣ «ግሌንዬ፣ ጫፉን ብቻ አስነካን። መጀመሪያውን ብቻ» አሉኝ።

መጀመሪያውን ብቻ። ይህን ሲሉኝ ሻርሊን ትዝ አለችኝ? አለችኝ። የከፋው ይኸ ነው፤ ትዝ ብላኝ ነው ያደረግኩት። አንዴ ቢነካ ምን ይሆናል አልኩ ለራሴ።

የክለቡ ማጫወቻ አሮጌ ነው። ሰው ሲጨፍር መርፌው እንዳይዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ተለጥፎበታል። ያ ክብደት ተራ ሸክላ እንኳ ያርሳል። አየሁት። አስቀመጥኩት። ማይክሮፎኑንም ያዝኩ።

ዝናቡ ጀመረ። አዳራሹ ፀጥ አለ። እንዲያ ያለ ፀጥታ ሲያገኝ ዝም የሚል ሰው ሌላ ነው፤ እኔ ጀመርኩ። «እመቤቶችና ክቡራን» አልኩ፤ ቀጠልኩም። ከበሮው ወረደ።

ቤቱ ተነሣ! በኛ ዘንድ ዜማ ሲወደድ አይጨበጨብም፤ ግድግዳ ይደበደባል፣ «መልሰው! መልሰው!» ይባላል። ያኔ የሚያጫውተው ሰው ሸክላውን በእጁ ወደ ኋላ አሽከርክሮ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እምቢ ማለት ሕዝብ መናቅ ነው። መለስኩት። መርፌውን ሳላነሣ፣ በጣቴ፣ ጭር እያደረግኩ፣ እንደ ድሮው። ዝናቡ ጀመረ፣ እኔም ጀመርኩ፣ ከበሮው ወረደ፣ ግድግዳው ተደበደበ። መለስኩት። ደግሞ መለስኩት። ከበሮው ገና ከመውረዱ መልሰው ይባላል፤ እኔም እመልሳለሁ። የቀረውን ዜማ ያን ቀን ማንም በቅጡ አልሰማውም። እዚያችው ዝናብ ላይ ተመላለስንባት።

ባሪንግተን እያለቀሰ አቀፈኝ። «ይቅር በለኝ ጄኔራል» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ትልቅ ሆኜ አላውቅም። በመጨረሻ ስመልሰው ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ ከቅድሙ ይልቅ ይንሿሿል። እውነተኛ ዝናብ የመጣ መስሎኝ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ፀሐይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሸክላውን ሱቅ መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ጠርዙ ላይ ጣት የምታህል ነጭ ቀለበት ወጥታበታለች። በሸሚዜ ጠረግኳት። አልጠፋችም። ስልኩን አነሣሁ፤ አስቀመጥኩት። ደንበኛ ሲገባ ፍሪጁን በጀርባዬ ከለልኩት፤ ፍሪጁ የሚናገር ይመስል። ያን ቀን አንድም ነገር አላጋነንኩም። አንድ ሰው አሟሃል ወይ አለኝ።

ማክሰኞ ሻርሊን የእናቷን የጆሮ ጌጥ አድርጋ፣ ከንፈሯን ተቀብታ መጣች። ለኔም ከመንገድ ሥጋ የታጨቀበት ፓቲ ገዝታልኛለች፤ ትኩስ። «ቁርስ ሳይበሉ መጥተው ይሆናል» ብላ። እጄ ላይ አቃጠለኝ፤ አልበላሁትም።

ሃርጂት ሸክላውን አጠበ፣ ቀላል መርፌ መረጠ፣ ወንበሯን በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች መሃል አስተካከለላት። ዓይኗን ጨፈነች። መርፌው ወረደ።

ሽሽሽሽሽ አለ።

ዝናብ ነው ቢባል ያሳምናል፤ መጀመሪያ ላይ እሷም አመነች። ፈገግ ብላ ጠበቀች። ሽሽ ማለቱ ቀጠለ እንጂ ምንም አልወጣበትም። ከዚያ ከበሮው ወረደ፤ ጥርት ያለ፣ ትናንት የተቀረጸ የሚመስል። ዓይኗን ገለጠች።

«አለፈ?»

ሃርጂት መርፌውን አነሣ። ሸክላውን መብራት ሥር አደረገው። «ዜማው ደህና ነው። ከከበሮው ወዲህ እንደ አዲስ ነው፤ ያለ ጭንቀት ይታተማል። መጀመሪያው ግን ተፍቋል። አንድ ሰው ከባድ መርፌ አስቀምጦ ወደ ፊት ወደ ኋላ አርሶታል።»

«እናቴ እኮ አልነካችውም።»

«ሊንቫል ራሱ ይሆናላ» አልኩ፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው ነበር። «የዚያን ዘመን ልጆች ታውቂያቸዋለሽ፣ እጃቸው አያርፍም…»

ሃርጂት ምንም ሳይለኝ የመርፌዋን ጫፍ በብሩሽ ነካ አድርጎ ጥቁር ብናኝ አሳየን። «ይኼ የቀለሙ ፍቅፋቂ ነው። ያረጀ ቢሆን ረግፎ ያልቅ ነበር፤ የዚህ ሳምንት ነው።»

ሁለቱም አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ የሃርጂት ወለል ግን ኮንክሪት ነው።

«አንክል ግሌን፣ አጫወቱት እንዴ?»

«ትንሽ። ክለብ ውስጥ። ሰዉ መልሰው አለ…»

«ስንት ሰው ነበር?»

በሌላ ቀን ሁለት ሺህ እል ነበር። «ሠላሳ ቢሆን ነው» አልኩ። ከዚያ ይበልጡ ነበር። ቁጥር ቀንሼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ሠላሳ ሰው አባቴ ስሜን ሲጠራ ሰማ።» እንደ ጥያቄ አላለችውም። የጆሮ ጌጧን ነካ ነካ አደረገች። «እሺ። እንዴት አድርጎ ነው የሚጠራው? ይኼን እንኳ ይንገሩኝ። ጮክ ብሎ ነው? ይስቃል?»

እዚህ ላይ ውሸቱ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ቆመ። ወፍራም፣ የሚያባባ ድምፅ ነበረው፤ እየሳቀ፣ ስምሽን እንደ ስኳር እያላመጠ… ልላት እችል ነበር። ታምነኝም ነበር፤ የሚያጋልጠኝን ነገር ራሴው አጥፍቼዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸ ውሸት አላጋጠመኝም። እሷ ደግሞ አገጯን ቀና አድርጋ ጠበቀችኝ።

«አልሰማሁትም» አልኩ። «ማይክ ይዤ እያወራሁ ነበር።»

«በመለሱት ቁጥር?»

«በመለስኩት ቁጥር።»

«ምን ነበር የምታወራው?»

አንቱታው እዚያች ጥያቄ ላይ ወደቀ። ሳትሳደብ፣ ሳትጮኽ።

«ስለ ራሴ» አልኩ።

ሃርጂት ጉሮሮውን ጠረገና ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጣ። ሻርሊን አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ግን አልተነሣችም፤ ወዴት እንደምትሄድ ያላወቀች መሰለች። ሚስ ሃያሲንት ስልካቸውን ይዘው እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ደወልኩላቸው።

«ያን ቪዲዮ?» አሉ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። «ኧረ ተወኝ ግሌን፣ ያንተ ልፍለፋ ብቻ ነው ያለበት። ስልኬን ሞላብኝ፣ አሁን ላጠፋው ነበር።»

«እንዳያጠፉት! በናትዎ፣ እንዳያጠፉት!»

ላኩት። የቀረጹት የመጀመሪያዋን ዙር ነው። ሃርጂት ተመልሶ ከትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ጋር አገናኘው። የገዛ ድምፄ እንደ ጎርፍ ወጣ፦

«እመቤቶችና ክቡራን! ይህን ሸክላ ከመቃብር ያወጣሁት እኔ! ሊንቫልን ከበሮ ያስተማርኩት እኔ! ዝናቡን ራሱ ያዘነብኩት እኔ…»

ለንደን ውስጥ ስንት ማይክ ይዣለሁ፤ የምለውን ግን ቁጭ ብዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከድምፄ ሥር አንድ ሰው እንደሚናገር ይታወቃል፤ ጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ወሬ። ቃሉ አይለይም። ከዚያ እኔ አየር ልወስድ ቆምኩ። በዚያች ክፍተት፣ በዝናቡ መሃል፣

«…ርሊን፣ ተኚ እንግዲህ።»

«…እኔ! ጄኔራል ግሌን!»

ሻርሊን እጇን አነሣች፤ ሃርጂት አቆመ። ደጋግሞ አሰማት። በኋላ ተነሥታ መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገች።

«ድምፁ ቀጭን ነው» አለች። «ወፍራም ይመስለኝ ነበር።»

ሃርጂት በኮምፒውተር የኔን ድምፅ ከላዩ ሊገፍ ሞከረ። የወጣው ነገር እንስራ ውስጥ የሚናገር ሰው መሰለ። ራሷን ነቀነቀች። «ይኼ እሱ አይደለም። እንዳለ ይሁን፤ ከበሮው ይከተለው።»

«እንዳለ?» አልኩ። «ከኔ ጋር? ሸክላው ላይ?»

ወደ እኔ አልዞረችም። «አየር ባትወስድ ኖሮስ?» አለች።

ሸክላው በጸደይ፣ ዓርብ ቀን ወጣ። ከአዲሶቹ ልደርድረው ወይስ ከድሮዎቹ፣ ግራ ገብቶኝ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሳጋንን አይደለም፣ ሰልፉ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ነበር። ከሌላ ከተማ ሁሉ ይመጣሉ፤ ይሰማሉ፤ እኔ እፎክራለሁ፣ ሊንቫል ይናገራል፣ እኔ እፎክራለሁ፣ ከበሮው ይወርዳል። በየቀኑ፣ በገዛ ሱቄ። ቶሎ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ጓዳው ግን በር የለውም።

ባለፈው ሻርሊን ለአክስቶቿ የሚሆን ልትወስድ መጥታ፣ ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ ሸክላዎቹን ትመርጥ ነበር። ከሊድስ የመጣ አንድ ባለ ጢም ሰውዬ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ጠየቀኝ፦

«ይኼ መጀመሪያ ላይ የሚለፈልፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት፤ ወለሉን እያየሁ።

ሰውዬው ሳቀ። «ክለቡ ውስጥ አስጠንቅቀውኛል። ያልነበረበት ቦታ የለም ይላል፣ አትስማው ብለውኛል።»

«እውነቱን ነው፤ እሱ ነው» አለች ሻርሊን፣ ከጎነበሰችበት።

ሰውዬው ሳቁን አቆመ። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። «ታዲያ» አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «ሊንቫል እየተናገረ እኮ ነው። ምነው ዝም ብትል ኖሮ?»

ሻርሊንም ቀና ብላ የምለውን ጠበቀች።